ፊልም በመርዶ ዋዜማ

ክፉ ወሬ በሆዳችሁ ይዛችሁ፣ ምንም ከማያውቀው ባለጉዳይ ጎን ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ እዚህ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል የሚባለው ባቡር ጣቢያ ቆማ የአያቷን ሞት ከስልኳ ላይ ስታነብ አየሁና፣ የግርማ ነገር ትዝ አለኝ።

በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከግርማ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። አባቱ አገር ቤት ማረፋቸውን እኛ በከተማው ያለን አበሾች ስንሰማ እሱ አልሰማም። መርዶ እንደምታውቁት በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ከሁላችን ታላቅ የነበሩት ጋሽ በቀለ፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እስኪመጡ ግርማን ከስልክ እንዳርቀው አዘዙኝ።

ሲኒማ ወሰድኩት። ከልቦለድ የተሠራ የእንግሊዝ ፊልም ነበር። መጽሐፉን አገር ቤት ሳለሁ አስተምረው ስለነበር፣ የሚያስደነግጥ ነገር እንደሌለበት እርግጠኛ ነበርኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ውጪ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ግርማ ግን እንደ ልማዱ፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ልታብራራልኝ ነው፣ መምህር?” እያለ ያሾፍብኛል።

መጽሐፉ የዋናውን ባለታሪክ አባት ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ፊልሙ አላለፈውም። ሐኪሙ ባርኔጣውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ለልጁ ነገረው። ልጁም አመስግኖ በሩን ዘጋና ብቻውን ተቀመጠ። ካሜራው ከፊቱ አልነሣ አለ።

ግርማ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

“ከጠዋት ጀምሮ አንድም ነገር አልተከራከርከኝም። ስለ መሬት ላራሹ እንኳ ያልኩትን ሁሉ እሺ አልከኝ። ማን ነው የሞተብኝ?”

መዋሸት አቃተኝ። “አባትህ ናቸው” አልኩት።

እጄን ጨብጦ ፊልሙ እስኪያልቅ አልለቀቀኝም። ስንወጣ፣ “እንዳልሰማሁ ነኝ። ጋሽ በቀለ ይንገሩኝ” አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነገሩት። የሚያውቀውን ሲነግሩት፣ ገና እንደሰማ ሰው ወድቆ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ደግፎ ያዘው። መርዶ ወሬ ማድረሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ማልቀሻም ነው።

ዛሬ ወሬው ከሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ እኛም “ሰምቷል” ብለን እንቀራለን። እስቲ አንድ ጊዜ ሞክሩት፦ የሰማ ሰው ቤት ማልዳችሁ ሂዱና፣ እንዳልሰማ አድርጋችሁ እንደገና ንገሩት።