ሰላምታ የማያስገባው ኢርፎን

ዛሬ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤታችን ሐጂ ቆመዋል። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?" አሉኝ።

ክው አልኩ። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ "አሰላሙ አለይኩም" ሲሉኝ ዝም ብያቸው አልፌያለሁ! እኛ ሰፈር ደግሞ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ሽማግሌ ሰላም ብሎ መልስ ካጣ ነገሩ እርቅ ይፈልጋል።

ጥፋቱ የአዲሱ ኢርፎኔ ነው።

ገመድ አልባ ኢርፎን ሁለት አለኝ። የድሮው ጫፉ ላስቲክ የለውም፤ ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ በነጠረ ቁጥር ከጆሮዬ ይወድቃል። አንዴማ ሄርማታ ገበያ ከሽንኩርት ክምር ውስጥ ነው ለቅሜ ያወጣሁት።

አዲሱ ባለላስቲክ ነው። ልክክ ብሎ ይገባል፤ ሂጃቤም ደግፎ ስለሚይዘው ንቅንቅ አይልም፣ ለሰውም አይታይም። የውጭ ድምፅ ያፍናል ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። የባጃጁን ጩኸት አፈነ፣ የገበያውን ግርግር አፈነ፣ ሐጂንም አፈነ።

"ወላሂ አልሰማሁዎትም!" ብዬ ሁለቱንም አምጥቼ አሳየኋቸው። እኔ ስለ ባትሪው፣ ስለ ድምፅ ጥራቱ ሳስረዳ እሳቸው እያገላበጡ ያያሉ።

"እሱን ተዪው" አሉኝ በመጨረሻ። "ከሁለቱ ሰላምታ የሚያስገባው የትኛው ነው?"

ስንት የኢርፎን ሪቪው አይቻለሁ፤ ይህን የጠየቀ ግን አልገጠመኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ግራ ጆሮዬ ለኢርፎኑ፣ ቀኝ ጆሮዬ ለሰፈሩ ሆኗል።

እናንተስ፣ በኢርፎን ሰበብ ያኮረፈባችሁ ሰው የለም? እርግጠኛ ናችሁ? እስቲ አውጡትና ስሙ።