የጋሼ ታዬ አራት ኮርዶች

እዚህ ጭሮ የጎረቤቴ ልጅ ከስልኩ እያየ ጊታር ይማራል። አራት ኮርድ፣ አራት የጣት አያያዝ ናት፤ ዞራ ዞራ ያችው ትመጣለች። ትናንት በረንዳው ላይ ስሰማት ጋሼ ታዬ ትዝ አለኝ።

ከተማችን ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል፣ በደርግ ጊዜ፣ እነዚህኑ ኮርዶች ያስያዘኝ አጎቴ ጋሼ ታዬ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን፣ የስፌት መኪና ዘይት በሚሸት ጣቱ ጣቴን የጊታሩ ክር ላይ እየተጫነ፣ "አቦ፣ እነዚህን ከያዝክ ግማሹን ዘፈን ያዝክ በለው!" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ስመታ እሱ የተከለከለ የተማሪዎች ዘፈን በቀስታ ያንጎራጉራል። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ከጥጉ ብቅ አለ።

"እጅህን እንዳታቆም" አለኝና ጋሼ በዚያው ምት የሰርግ ዘፈን ቀጠለ። አንዲት ኮርድ አልተለወጠችም።

ጥበቃው ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠና አጨበጨበ።

"ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት፣ ታዬ?"

"የሂርና ከተማ ልጅ ናት።"

"ጎሽ። ልጁንም ደህና አስተምረኸዋል፤ ዘፈኑ ሲለወጥ እጁ አልደነገጠም።"

የተመሰገንኩ መስሎኝ ሳቅሁ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ጥበቃው እንደሄደ ጊታሩን ከእጄ ወስዶ፣ "ወደ እናትህ ሂድ፤ ዛሬ እኔ ዘንድ አታድርም" አለኝ።

ሲነጋ መጥተው ወሰዱት። በዚያው ቀረ።

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ፣ "አባባ፣ በዚህ ስንት ዘፈን እንደሚዘፈን ያውቃሉ?" ሲል ጠየቀኝ።

"አንተ ምታ፣ ልጄ" አልኩትና አጠገቡ ተቀምጬ መንገዱን አየሁለት።