የልጃቸው ተከራይ

ወይዘሮ አልጋነሽ ቤታቸውን ለገዛ ልጃቸው በሸጡ ሰሞን መጀመሪያ ያደረጉት ነገር፣ ስለ ቧንቧው ለአከራያቸው ስሞታ ማቅረብ ነበር። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ዓመታት አልፈውታል፤ ባለቤት ሳሉ ከሥሩ ጀሪካን ከመደቀን በቀር አንድ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ተከራይ ሲሆኑ ግን ጠብታው እንቅልፍ ነሳቸው። ልጃቸው ፀሎት ከምትሠራበት ባንክ፣ በስብሰባ መካከል ስልኳን አንስታ በሹክሹክታ “ወዬ እማዬ” ስትል፣ ከወዲያ የመጣው ድምፅ የእናት አልነበረም።

“ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው” አሉ፤ “ተከራይዎ ነኝ።”

ወይዘሮ አልጋነሽ ግማሽ ዕድሜያቸውን ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ኖረው፣ ለኡራኤል አካባቢ የቢሮ ሠራተኞች ምሳ እያበሰሉ አንድ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ቄራ አጠገብ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ከቤቱ ጋር ደግሞ የማያልቅ የባንክ ዕዳ። ልጃቸው ፀሎት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ የኖረች ናት፤ ይህንንም እናቷ ለጎረቤት ሳይነግሩ ያሳለፉት ሳምንት የለም። ባንክ ስትቀጠር ለሠራተኛ በአነስተኛ ወለድ የቤት መግዣ ብድር እንደሚሰጥ ሰማች፤ ለቤት መግዣ እንጂ ለእናት ዕዳ መክፈያ ግን አይሰጥም። ስለዚህ የእናቷን ቤት ልትገዛ አሰበች። የቀድሞው ዕዳ ይዘጋል፣ የተረፈው ገንዘብ ለእናቷ መጦሪያ ይሆናል፣ እሳቸውም ከሳሎናቸው ንቅንቅ አይሉም።

ወይዘሮ አልጋነሽ እቅዱን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ኪራይ እከፍላለሁ አሉ። ፀሎት ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰችም ማለት ይቻላል።

“በነጻ የተቀመጠ ሰው እንግዳ ነው” አሉ እናቷ፤ “እንግዳ ደግሞ ወጡ ጨው በዛበት ለማለት አፍ የለውም። እኔ አፍ ኖሮኝ ነው መኖር የምፈልገው።”

በኪራይ መክፈያው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ልጃቸውን አንቱ ይሏታል፤ እሷም ብሩን ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቷን አጨማድዳ ትቀበላለች። በልቧ ግን፣ ተዋት፣ ይሰለቻታል ትል ነበር። እናቷ የሚሰለቹ ሴት አለመሆናቸውን ከሷ በላይ የሚያውቅ ባይኖርም።

እናትና ልጅ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ፣ የሕንፃው ደረጃ ገና ሲሚንቶ ሲሸት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ የባለቤቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ኮሙናል የሚሉት የጋራ ቤት ቁልፍ በእጃቸው ነው፤ በኮንዶሚኒየም ዓለም ደግሞ ከዚህ ቁልፍ የሚበልጥ ሥልጣን የለም። ልጁን የሚድር፣ ሐዘን የተቀመጠ፣ ለበዓል ቅርጫ የሚያርድ ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። የክርስቲያኑ በግ በየትኛው ወገን፣ የሙስሊሙ በየትኛው እንደሚታረድ፣ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ ቦታውን እንደሚያጥብ የደነገጉት እሳቸው ናቸው፤ አንድም ሰው ተቀይሞ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ የማኅበሩ ጸሐፊ ሙሐሲን፣ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ስኳር ይዞ ደረጃውን ወጣ። ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ መብራቱ አወራ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በመጨረሻ የቤቱ ካርታ ወደ ልጃቸው ስም መዞሩን፣ በደንቡ መሠረት ደግሞ ሰብሳቢ ባለቤት ወይም የባለቤት ወኪል መሆን እንዳለበት ነገራቸው። እሑድ ምርጫ አለ።

“ይህን አንቀጽ የትኛው ሞኝ ነው ያስገባው?” አሉ።

ሙሐሲን ዓይኑን ወደ ስኳሩ መለሰ። “እትዬ አልጋነሽ፣ እርስዎ ነዎት።”

እውነት ነበር። አንድ ተከራይ ጎረምሳ ሰብሳቢ ሆኖ ኮሙናሉን የጆተኒ መጫወቻ ቤት ሊያደርገው ሲነሣ፣ “ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም” ብለው አንቀጹን በጭብጨባ ያስጸደቁት ራሳቸው ናቸው።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ፀሎትን ወክዪኝ ማለት። ይህች አንዲት ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣ አለች። ዓርብ ደወሉላትና ስለ መስኮቱ መስታወት አወሩ። ቅዳሜ ልጅቱ ራሷ መጣች፤ ስለ በሩ ማጠፊያ አወሩ። ፀሎት ከሙሐሲን ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ እስክትጠየቅ ግን ዝም አለች። ያን ግትርነት ከማን እንደወረሰችው መጠየቅ አያስፈልግም።

እሑድ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ሲመሩት በኖሩት ስብሰባ፣ ከተከራዮች ጋር ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ለሰብሳቢነት የቀረቡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጡረተኛው ሾፌር አቶ ዋቅጋሪ። እሳቸውም ሐሳባቸውን ሳይደብቁ፣ ኮሙናሉ ለአንድ ነጋዴ መጋዘንነት ቢከራይ ማኅበሩ ይጠቀማል አሉ። ወይዘሮ አልጋነሽ ዘለው ተነሡ። ሙሐሲን እያፈረ፣ ተከራይ ስብሰባውን መከታተል እንጂ መናገር እንደማይፈቀድለት አሳሰባቸው። ቁጭ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሥተው፣ ከፊት የተቀመጠችውን ፀሎትን ትከሻዋን ነካ አድርገው ወደ ደረጃው ወጡ። ተከተለቻቸው።

“ወክዪኝ” አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ።

ፀሎት ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። “እወክልሻለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ኪራይ የሚባል የለም።”

ከውስጥ የአቶ ዋቅጋሪ ድምፅ እየደመቀ ይሰማል። ወይዘሮ አልጋነሽ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ። ኪራዩን ከተዉ እንግዳ መሆናቸው ነው፤ ካልተዉ መጋዘን ሊመጣ ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ደላላ በነጻ ይሠራልሻል?”

“አይሠራም።”

“ጠበቃስ?”

“እማዬ፣ ምን ለማለት ነው?”

“እኔ ወኪልሽ ከሆንኩ የድካም ዋጋ አለኝ ለማለት ነው። ኪራዩን ያህል ትከፍይኛለሽ፣ እኔም ኪራዬን እከፍልሻለሁ፤ ተቻቻልን።” አሰቡ። “እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል። ፋሲካ አለ፣ ኢድ አለ፤ ከዋቅጋሪ ጋር የምጨቃጨቀው ደግሞ ለብቻው ነው።”

አንደኛ ስትወጣ የኖረችው ልጅ በልቧ ደመረች፣ ቀነሰች። “እንዲህማ ከሆነ በየወሩ ከፋይዋ እኔ ልሆን ነው።”

“ሒሳብ የተማርሽው አንቺ ነሽ” አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ፀሎት በጉባኤው ፊት ቆማ እናቷን መወከሏን አስታወቀች፤ ወረቀቱንም ሰኞ እንደምታስጨርስ ቃል ገባች። ሙሐሲን ማንም ሳያዘው ስብሰባውን ሲመራበት የነበረውን የሰብሳቢ ወንበር ለቀቀ። አቶ ዋቅጋሪ ስለ መጋዘኑ የጀመሩትን ወሬ አሳጠሩ። ወይዘሮ አልጋነሽን የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል የቤቱ ባለቤት ከሁሉ ቀድማ፣ በኩራት፣ እጇን ከፍ አደረገች።

ወይዘሮ አልጋነሽ የራሳቸውን እጅ እያነሡ በዓይናቸው ገሠጿት።

“አንቺ አውርጂ። ወክለሽኛል።”