አሥራ አንድ መስመር ትእዛዝ

ያን ወረቀት ስጽፍ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር፤ ትዕቢቴ ግን ከዕድሜዬ ይበልጥ ነበር። ጊዜው የሃምሳዎቹ ዓመታት ማብቂያ ነው። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የመንገድ ቅየሳ ጽሕፈት ቤት የስሌት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ክፍል ስል እኔ፣ አንዲት ሠራተኛ እና በእጀታ የምትዞር አንዲት የሒሳብ መኪና ማለቴ ነው።

ሥራችን ቀያሾች ከአንኮበር ገደል የሚልኩትን ልክ ወደ ካርታ ቁጥር መለወጥ ነበር። እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ሰሜን። ያንን ጥንድ ከካርታው አቅጣጫ ጋር ለማስማማት በሌላ ጥንድ ማባዛት ያስፈልጋል፤ ተማሪ ቤት ኮምፕሌክስ ቁጥር ብለን የተማርነው ነው። ለአንድ ነጥብ አራት ብዜት፣ አንድ መቀነስና አንድ መደመር ይጠይቃል። ቀድሞ እያንዳንዱ ብዜት ወረቀት ላይ ይገለበጥ ነበር፤ ሲገለበጥም ስምንቱ ሦስት እየሆነ ያስቸግረን ነበር። እኔ መላ አገኘሁ። የመጀመሪያውን ብዜት እጀታውን ወደ ፊት እያዞሩ መሥራት፤ ከዚያ ውጤቱ የሚታይበትን መስኮት ወደ ዜሮ ሳይመልሱ ሁለተኛውን ወደ ኋላ እያዞሩ መሥራት። መቀነሱ እዚያው መኪናዋ ሆድ ውስጥ ያልቃል። ይህን በአሥራ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የቀን ሥራችን እጥፍ ሆነ። ኢንጂነሩ አለቃችን «ጎበዝ» አለኝ፤ እኔም ያቺን ቃል ስንት ቀን ሙሉ ሳመነዥካት ከረምኩ።

መኪናዋን የምታዞረው የሰላ ድንጋይ ቄስ ልጅ ናት። አባቷ «ቋሚ ካልሆንሽ ተመልሰሽ ታገቢያለሽ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዚያ ብርድ ጣቷን በትንፋሿ እያሞቀች ስታዞር እጀታው አንድም ቀን አያመልጣትም።

መስመሩ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ሲታጠፍ መኪናዋ መደወል ጀመረች።

«ጋሼ፣ ደወሏ ይጮኻል» አለችኝ። «መስኮቱም በዘጠኝ ይሞላል።»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«የቀኙን ስድስት አኃዝ ጻፊ ይላል።»

«እንግዲያው ጻፊያ!»

«ግን እኮ ቁጥሩ…»

ደሜ ፈላ። «አዙሪ ተብለሽ ነው የተቀጠርሽው፤ አስቢ ያለሽ የለም!» አልኳት። ድምፄ ግቢው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አንገቷን ደፍታ ወደ እጀታዋ ተመለሰች። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀያሾቹ በቅሎዎቻቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። መሪያቸው የላክንለትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «በዚህ ቁጥር ችካሌን የምተክለው አየር ላይ ነው። ንስር ቅጠሩና ላኩ!» አለ። አለቃችን ወረቀቱን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። «ያዞረችው እሷ ናት። እስከ ቅዳሜ ምክንያቱ ካልተገኘ ትሰናበታለች።»

እኔም አልተከላከልኩላትም። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ የእሷ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሐሙስ ለምሳ ስትወጣ ስህተቷን እጅ ከፍንጅ ልይዝ መኪናዋ ፊት ተቀመጥኩ። እንደ ወረቀቴ ሠራሁ። ደወሉ ጮኸ። በትንሽ ቁጥር ልሞክር ብዬ አምስት ወደ ፊት፣ ስምንት ወደ ኋላ አዞርኩ። መስኮቱ ዘጠኝ በዘጠኝ ሆነና መጨረሻው ላይ ዘጠና ሰባት ቆመ። ሦስት ከዜሮ በታች መሆኑን መኪናዋ የምትናገረው በዚያ በዘጠኞቹ ረድፍና በደወሏ ብቻ ነው። የእኔ ወረቀት ደግሞ ረድፉን ትተሽ የቀኙን ጻፊ ይላል። መስመሩ ከታጠፈ ወዲህ ሁለተኛው ብዜት የመጀመሪያውን ስለሚበልጥ፣ ደወሉ የጮኸበት ሁሉ የተበላሸው በእኔ ትእዛዝ ነው።

አንድ መስመር በስውር ጨምሬ ዝም ማለት እችል ነበር። ዓርብን ሙሉ ይህንን ሳስብ ዋልኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። እሷ ዕቃዋን በዘንቢል ስትሰበስብ እያየሁ እንኳ አፌ አልተከፈተም።

ቅዳሜ ጠዋት አለቃው ሁለታችንንም ጠራን። እሷ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ጥፋቱ የወረቀቱ ነው» አልኩ።

«ወረቀት ራሱን አይጽፍም» አለኝ።

«የእኔ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ደወሏ ብትጮህም፣ ወረቀቴ ስለዚያ አንድ ቃል አይልም።»

«ደወሉንስ አልሰማችም?»

 አልሰማችም ብል ግማሹ ጥፋት ወደ እሷ ይዞራል፤ የምትሄደውም በዚያው ግማሽ ነው። እሷ ወደ እኔ አላየችም።

«ሰምታለች» አልኩ። «ነግራኛለችም። ጮኼ ዝም አሰኘኋት።»

 አለቃው ወደ እሷ ዞረ። «ሲደውል ምን መደረግ ነበረበት?»

«መስኮቱ ላይ ያለውን ከሙሉው ቀንሶ፣ ዘጠና ሰባትን ከመቶ እንደ ማለት፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ማድረግ» አለች። «የደወለባቸውን ሁሉ እኛ ዘንድ ከቀሩት የስሌት ወረቀቶች ጀርባ በእርሳስ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።»

ወረቀቶቹን አስመጥቶ ገለበጣቸው። አንድም የቀረ አልነበረም። «ከሰኞ ጀምሮ ትእዛዙን አንቺ ትጽፊያለሽ» አለ። ወደ እኔም ሳያይ፣ «አንተ ታዞራለህ።»

ሰኞ እጀታውን ያዝኩ። ግድግዳው ላይ በእሷ እጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ዘጠነኛው መስመር ላይ ስደርስ ከመኪናዋ አሠራር ጋር የማይገጥም ነገር አየሁ። ልናገር ብዬ እጀታውን ለአፍታ አቆምኩና ተውኩት፤ እንዳታዋርደኝ ሰጋሁ። ማዞሬን ቀጠልኩ። እሷ ግን ከጎኔ እጇን ሰድዳ እጀታውን ያዘችው።

«ምን አገኙ?»

«ምንም።»

«ይናገሩ፣ ጋሼ» አለች። «እኔ አልጮህብዎትም።»