አውድማዬን የሚዞረው የሞተር መንገድ

ነቀምቴ ዳር ያለውን የሞተር መሽቀዳደሚያ ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁኝ ፈረስ ነው እላለሁ። ይስቃሉ። እውነቴን ነው። እኔ እዚህ ሰፈር ተድሬ ስመጣ ሜዳው የሠርግ ፈረስ የሚጋለብበት ነበር። ፈረሶቹ ሲዞሩ ሲዞሩ ሣሩን ገፈው መንገድ አወጡ። መንገዱ ክብ ነው፤ እኛ ቤት ጋ ሲደርስ ግን እንደ ሰካራም ወደ ጎን ይታጠፋል። እዚያ ጤፋችንን የምንወቃበት አውድማ ነበር። አውድማን ከሚያበራዩ በሬዎች በቀር ከብት አይረግጠውም፤ ሰው እንኳ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባበት፤ የፈረስ ኮቴማ አይታሰብም። የሚረሳ ካለ ደግሞ ባሌ መንሹን ይዞ ቆሞ ያስታውሰዋል።

ከዚያ ፈረሱ ጠፋ፣ ከተማው መጣ፣ ባሌ አረፈ፣ ጤፉም ቀረ። ጎረምሶቹ ሞተር ገዙና በፈረሱ ዱካ መሽቀዳደም ጀመሩ። እነሱም እዚያች ቦታ ሲደርሱ ይታጠፋሉ። አንዱን "ምን አይተህ ነው የምትታጠፈው?" አልኩት።

"አውድማ ነዋ" አለኝ።

እህል ሲወቃ አይቶ አያውቅም፤ እናቱ ጤፍ የምትገዛው ከገበያ ነው። የጊዳ አያና መንገድ ተዘግቶ ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ውድድሩ ቆሞ ነበር። ሲመለስም ከነመታጠፉ ተመለሰ።

የልጄ ባል ከነዚያ ጎረምሶች አንዱ ነበር። በሞተሩ ሰው እያመላለሰ ልጄን ያበላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይሽቀዳደም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከኑኑ ቁምባ አንድ ጎልማሳ መጣ። ከአማቼ ጋር ተፎካከሩ፣ ተሰዳደቡ፣ የተሸነፈው ሞተሩን ሊያስረክብ በሰው ፊት ተማማሉ። ልጄ ስትሰማ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

"ያ ሞተር ከሄደ በምን እንኖራለን?"

"በኑኑ ቁምባው ሞተር" አልኳት። አልሳቀችም።

ሮጡ። አማቼ እየመራ ነበር። እኛ ቤት ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ታጠፈ። እንግዳው ግን ቀጥ ብሎ በሣሩ ላይ አለፈና በዚያው ቀደመ። የሰፈሩ ሰው አውድማ ረገጠ ብሎ ከበበው። እሱ ሞተሩን አቁሞ ሣሩን ያያል።

"የታለ አውድማው? እኔ ያየሁት ፍየል ነው።"

ጃርሶሊ ተጠሩ፣ ሽማግሌዎቹ። ዛፍ ሥር ተቀመጡና እኔን አስጠሩኝ፤ ባለ አውድማዋ እኔ ነኛ። መንገድ ላይ ልጄ ነጠላዬን ይዛ "እማ፣ አለ በያቸው። አለ ማለት ምን ይከብዳል?" አለችኝ። አማቼ ሞተሩን ተደግፎ ያየኛል።

ትልቁ ሽማግሌ "እናታችን፣ ዱጋ ንገሪን፤ እውነቱን። ያ ቦታ አውድማ ነው ወይስ አይደለም?" አሉ።

"አውድማ አውድማ የሚሆነው እህል ሲገባበት ነው" አልኩ። "ባሌ ከሞተ ወዲህ እህል አልገባበትም። በእበትም አልተለቀለቀም። አውድማነቱ ቀርቷል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሲለቀለቅ የኖረው በኔ እጅ ነው።"

ሞተሩ ለእንግዳው ተፈረደ። ይሁንና የመጣው በራሱ ሞተር ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ሞተር አይነዳ። ስለዚህ አማቼ የገዛ ሞተሩን እየነዳ ኑኑ ቁምባ ድረስ ሊያደርስለት ሆነ። ሲነሳ "ቀስ ብለህ ንዳ፣ የሰው ሞተር ነው" አልኩት።

በማግስቱ በሚኒባስ ተመለሰ። አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ የሚያናግረኝ በልጄ በኩል ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ "ለእናትሽ ውሃ ስጫት" ይላታል። እኔም "ጠጥታለች በይው" እላታለሁ።

አንድ ቀን ልጄ ገበያ ሄዳ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መልእክተኛ ጠፋ። ወደ መሬት እያየ "ሀርሜ" አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። "አለ ቢሏቸው ምን ነበረበት?"

"የጠየቁኝ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለሽማግሌ አይዋሽም" አልኩት። "አንተ ብትጠይቀኝ ኖሮ አለ እልህ ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እሺ፣ አሁን ጠየቅሁዎት። አውድማው አለ?"

"አለ" አልኩት፣ "ከነጤፉ።"