የዘበኛው ወተት

ሪዝ የሚለጠፍበትን ሙጫ አሽትተህ ታውቃለህ? ትናንት እዚህ ካርቱም ሁለት ሰፈር፣ ጫማ ሰፊው ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ቆርቆሮውን ከፈተና ያው ሽታ መጣብኝ። የላይኛው ከንፈሬ አሳከከኝ።

ጎረምሳ ሳለሁ ሪዝ እየተለጠፈልኝ በቴሌቪዥን ሐበሻ ዘበኛ ሆኜ እሠራ ነበር። በረመዳን፣ ሰው አፍጥሮ ሲቀመጥ የሚታይ አጫጭር ቀልድ ነው። ማታ ማታ ያው ዘበኛ፣ ያው ነጭናጫ የቤት ጌታ። የሚጽፈውም የሚመራውም አለቃችን የኦምዱርማን ሰው ነበር፤ ኡስታዝ እንለዋለን። ቀልድ ስናሳየው አይስቅም። መቁጠሪያውን መቁጠር ካቆመ ቀልዱ ያዘ ማለት ነው። እኔ ፊደል እምብዛም ስለማላውቅ የምሠራውን እዚያው በቃል ይነግሩኛል።

ከዚያ በፊት ባሕሪ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ጡብ ተሸካሚ ነበርኩ። ያን ቦታ ካጣሁ መመለሻዬ ጡቡ ነው።

አንድ ቀን ዘበኛው የጌታውን ወተት ሰርቆ ይጠጣል ተባለ። ቀረጻው በቀን ነው፣ ሁሉም ጾመዋል። «ሐበሻው ክርስቲያን ነው፣ እሱ ይጠጣል» ብለው አስበዋል። የኛ ዐቢይ ጾም ከረመዳናቸው ጋር መግጠሙን ማን ይንገራቸው? መብራቱ ፊቴን እየለበለበኝ ኩባያውን አነሣሁና አፌ ጋ ሲደርስ ቆምኩ።

«ያላ፣ ጠጣ እንጂ!» አለኝ ጌታዬ ሆኖ የሚሠራው።

«ጾም ነኝ።»

«ምን ጾም አለህ አንተ? ትናንት ከሰዓት ፉል ስትውጥ አይቼህ የለ!»

«ፉል የጾም ነው።»

«ወላሂ ይሄ ጾም አይደለም፣ ማማረጥ ነው! ደሞ ጨዋታ ነው፣ የምር መሰለህ?»

«ወተቱ የምር ነው» አልኩት።

አለቀልኝ ብዬ ኡስታዝን አየሁት። መቁጠሪያው ቆሟል።

«ኸላስ፣ በቃ አይጠጣም» አለ። «ሊጠጣ ሲል ይጠሩታል። ሁልጊዜ ይጠሩታል።»

ከዚያ ወዲያ በየረመዳኑ ኩባያውን አነሣለሁ፣ ይጠሩኛል፣ አስቀምጣለሁ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር አውቶቡስ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ «አንተ ሐበሺ፣ ጠጣሃት?» ይለኛል። ያ ስቱዲዮ በጦርነቱ ተመትቶ ዛሬ ጣሪያ የለውም ይላሉ። ሄጄ አላየሁትም።

በኋላ ኡስታዝ ታሞ ተኛ፣ ሌላ አለቃ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቸኳይ ነው እንጂ። «ሰው ሰልችቶታል፣ አሁን ይጠጣ» አለ። ወቅቱ የኛ ጾም አልነበረም፣ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ጠጣሁት። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ የጠራኝ የለም። ለሚቀጥለው ረመዳን ዘበኛ አላስፈለጋቸውም፤ እኔም ወደ ጡቤ ተመለስኩ።

ኡስታዝን ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ከስቶ አልጋው ውስጥ ጠፍቷል። ወተቱን የጠጣሁ ማታ በቴሌቪዥን አይቶኛል።

«ጠጣህ?» አለኝ።

«ጠጣሁ፣ ኡስታዝ።»

«እኔ እዚያ ብኖር እጠራህ ነበር፣ ልጄ።»

አንሶላው ከእግሩ ላይ ተንሸራቶ ነበር። ሸፈንኩለት።