የአያቴ ቮልስ፣ የአባቴ ላዳ

ቮልሷ አትሸጥም! አባቴ ትናንት በራሱ አፍ ተናገረ፤ እኔም እስካሁን ብቻዬን እየሳቅኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው አጥራችን ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ነው። ግቢያችን ጠበበ፤ ከሁለቱ አሮጌ መኪኖቻችን አንዱን ብቻ የሚያሳድር ሆነ። ቮልሷ በጃንሆይ ጊዜ የተገዛች የአያቴ ናት። ላዳው የደርግ ዘመን ነው፤ አባቴ ታክሲ ይሠራበታል፣ እኛም እንበላበታለን።

«ያንተው ፊቱ ራሱ የቀበሌ ሊቀመንበር ይመስላል» ይላሉ አያቴ።

«የእርስዎ ደግሞ ሰው ካልገፋት አትነሳም።»

«አንተን ከሆስፒታል ስታመጣህ ማን ገፋት?»

መጀመሪያ እየሳቁ ነበር። ኋላ ሳቁ ቀረ። ገበታ ላይ እንኳ አያቴ «አባትሽን ጨው አቀብለኝ በይልኝ» ይሉኛል፤ ጨው ያለው እኔው ፊት ነው።

አባቴ ማንም ቅር እንዳይለው ብሎ ለቴሌግራም የሁለቱንም ማስታወቂያ አስጻፈኝ፤ ቀድሞ ገዢ የመጣለት ይሄዳል። ላዳውን «ጠንካራ ነው፣ ከሰርቦ ቡና ጭኖ ይመላለሳል» ብዬ ጨረስኩ። ቮልሷ ላይ ግን እጄ አልቆም አለ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ዳገት ስንወጣ ሽማግሌ ከጀርባዬ የሚያጉረመርም እንደሚመስለኝ ሁሉ ጻፍኩ። በማግስቱ አንድ የከተማችን መርካቶ ነጋዴ ደወለ። «ጽሑፉ ነው የሳበኝ፤ ቮልሷን» አለ። ጽሑፌ ሰው ሲነካ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ምሳ አልበላሁም። አያቴ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ክፍላቸው ገቡ።

ትናንት ለነጋዴው ልናደርሳት ስንል አልነሳ አለች። አያቴ መሪውን ያዙ፣ እኔና አባቴ ከኋላ ገፋን። ንቅንቅ የለም።

«ግፋ እንጂ! ቁርስ አልበላህም?» አሉ አያቴ በመስኮት። በቀጥታ ካናገሩት ስንት ጊዜያቸው!

«እየገፋሁ እኮ ነው፣ አባ! ፍሬኑን ይልቀቁት!»

የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ነበር። ረስቼው ነው ይላሉ።

ሲለቁት ተነሳች። አባቴ እያለከለከ ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔም ከኋላ ገባሁ።

«ወደ መርካቶ አይዙሩ» አለ አባቴ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ። «እልህ ይዞኝ ነው እንጂ ሰርቦ የእህቴ ግቢ ሰፊ ነው። እዚያ ትደር። ለሰውዬው እኔ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አያቴ ጉልበቱን መታ መታ አድርገውት ወደ ሰርቦ ነዱ።

ዛሬ ጠዋት ቮልሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ አለ። አያቴ ወጥተው አይተውት ተመለሱ። እሁድ ግን በላዳው ልናያት እንሄዳለን። ሰርቦ አካባቢ ከሆናችሁ እናንተም ኑ፤ በኦሮምኛው፣ ኮታ! ብቻ ቁርስ በልታችሁ፤ መግፋት አለ።